የጠርሙሱ ኩላሊት

በ1989 ዓ.ም. ጥር ወር አጋማሽ ላይ፣ አርባ ምንጭ ውስጥ፣ የፍየል ኩላሊት ያለ ፍየል መኖር ጀመረ። እስከዚያች ሳምንት ድረስ በከተማው ኩላሊት የሚያውቀው መኖሪያ የባለቤቱን ሆድ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ከወጣ ወይ ይጠበሳል፣ ወይ ለውሻ ይጣላል። ከዚያች ሳምንት ወዲህ ግን፣ ሴቻ በሚባለው የከተማው ሠፈር ባለች አንዲት ባለ ሁለት መስኮት የምርምር ክፍል ውስጥ፣ ከሌላው ሠፈር ከሲቀላ ቄራ የመጣ የፍየል ኩላሊት ሕዋሳት በስድስት ጠፍጣፋ ጠርሙሶች ውስጥ ይመገቡና ይባዙ ጀመር።

ይህን ያደረገችው ሩሐማ ባፈና ናት። ከከተማው ውጭ በጋራ ላይ ባለችው የኦቾሎ መንደር ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ተምራ፣ ናይሮቢ ላይ ሁለት ዓመት ሕዋስ ማሳደግን ተለማምዳ የተመለሰች፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት። ከመስከረም ጀምሮ አምስት ጊዜ ሞክራ አምስቱም ጊዜ ከሽፎባታል። ሁለቱን ሻጋታ በላባት፤ ሁለቱ መብራት ጠፍቶ በረዱባት፤ የአምስተኛው ምክንያት እስከ ዛሬ አልታወቀም።

መሣሪያዎቿ የተለቃቀሙ ነበሩ። ሙቀት የሚጠብቀው ሣጥን ከግብርና ቢሮ በውሰት የመጣ የእንቁላል መፈልፈያ ነው። በውስጡ ትልቅ የመስታወት ገንቦ ተቀምጧል፤ ጠርሙሶቹ በገንቦው ውስጥ ይደረደሩና በመካከላቸው ሻማ ተለኩሶ ክዳኑ ይገጠማል። ሻማው ነድዶ በራሱ ጊዜ ሲጠፋ፣ በገንቦው ውስጥ የሚቀረው አየር ለሕዋሳቱ የተስማማ ይሆናል። የወባ ተመራማሪዎች የቆየ ዘዴ ነው።

ሻማውን የምትለኩሰው የክፍሉ ረዳት በለጥሽ ነበረች። ሃምሳ ዓመት የሚጠጋት፣ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን መካከል ድምፀ ወፍራም በመሆኗ የምትታወቅ፣ ዝም ማለት የማይሆንላት ሴት ናት።

«እኛ ጴንጤዎች ሻማ አናበራም ነበር» ትላለች ክብሪቱን እየጫረች። «በአንቺ ምክንያት፣ ሩሐማዬ፣ ለፍየል ኩላሊት አበራን።»

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ሩሐማ አንዱን ጠርሙስ አውጥታ ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጠችው። ሕዋሳቱ እርስ በርስ ተጋጥመው የጠርሙሱን ወለል እንደ ንጣፍ ድንጋይ ሸፍነውታል። ይህን ጠብቃ ነበር። ያልጠበቀችው በንጣፉ ላይ እዚህም እዚያም የተነሡትን ክብ ጉልላቶች ነው። የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ ወደ ላይ አዞረችው፤ የጉልላቱ አናት ጠራ፣ ወለሉ ደበዘዘ። ወደ ታች መለሰችው፤ ወለሉ ጠራ፣ ጉልላቱ እንደ ጥላ ሆነ። 

የሆነውን ታውቃለች። ሕዋሳቱ ከላያቸው ያለውን ፈሳሽ እየሳቡ ከሥራቸው ያጠራቅሙታል፤ ውኃው ሲበዛ ንጣፉ ከመስታወቱ ተላቅቆ ወደ ላይ ይነሣል። ኩላሊት ዕድሜውን ሙሉ ከሚሠራው ሥራ ትልቁ ይኸው ነው፤ ውኃን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ማሻገር። እነዚህ ግን ደም የላቸውም፣ ፊኛ የላቸውም፣ ባለቤታቸው ፍየል ከተበላች ሁለት ሳምንት ሊሆናት ነው። ማወቋ መደነቋን አልቀነሰላትም።

«እትዬ በለጥሽ፣ እባክዎ ይምጡና ይመልከቱ።»

በለጥሽ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አጎነበሰች። ማስተካከያውን ራሷ ወደ ላይና ወደ ታች አዞረችው።

«ምን እየሠሩ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ውኃ እያሻገሩ ነው።»

«ለማን?»

«ለማንም።»

«ጌታ ሆይ! አለቃ የለባቸው፣ ደመወዝ የላቸው፣ እንዲህ ይሠራሉ! የዞኑ ቢሮ ሰዎች መጥተው ይዩልን እንጂ!»

ሩሐማ በዚያ ቀን በማስታወሻዋ ላይ «ኩላሊት» ብላ አልጻፈችም። «የኩላሊት አምሳያ» ብላ ጻፈች። በሰው ላይ ሊሞከር የማይገባው ነገር ሊሞከርበት የሚችል፣ ከኩላሊት እጅግ ያነሰ፣ ከመስታወት ግን እጅግ የበለጠ ነገር።

አምሳያው የተፈለገበት ምክንያት ነበረው። ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሦስት የኦቾሎ ሸማኔዎች ፊታቸው አብጦ፣ ሽንታቸው ተቋርጦ ወደ ሆስፒታል ወርደዋል። ሁለቱ ሞቱ። ሦስቱም ከመታመማቸው በፊት ለወገብ ሕመም የተቀቀለ ሥር ጠጥተው ነበር፤ ሸማኔ ቀኑን ሙሉ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ስለሚቀመጥ ወገቡ ዕረፍት አይሰጠውም። ሥሩን የሰጧቸው ኦይታ ናቸው። ኦይታ ደግሞ የሩሐማ አባት ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደጓት፣ ሁለት በሬ ሸጠው ለትምህርት የላኳት እሳቸው ነበሩ።

የኦቾሎ ሰው ነገሩን ወደ ዱቡሻ አቅርቦታል። ዱቡሻ ሽማግሌውም ጎልማሳውም በድንጋይ መቀመጫዎች ላይ ተሰብስቦ ነገር የሚያይበት አደባባይ ነው፤ እዚያ የተወሰነ አይሻርም። ቀኑ ለመጋቢት የመጀመሪያው ቅዳሜ ተቀጥሯል። የሚፈራው ውሳኔም በየቤቱ ይወራል፦ ኦይታ ከሰው ይለያሉ። ከሰው የተለየ እሳት አይሰጠውም፣ በደቦ አይታረስለትም፣ ሲሞትም ቀባሪ የለውም። ኦይታ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው።

ሩሐማ ሥሩን ከአጎቷ አስላከች። በመስታወት ዕቃ ቀቀለችው፣ አጣራችው፣ በሦስት ጠርሙሶች ላይ ጨመረችው፤ ሦስቱን ያለ ሥር ተወቻቸው። በሦስተኛው ቀን በስድስቱም ጠርሙሶች ውስጥ ጉልላቶቹ እንደ ቆሙ ነበሩ።

የሸማኔዎቹ ሐኪም ዶክተር ዘካሪያስ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየና ሳቀ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሲደሰት ድምፁን መቆጣጠር አያውቅም።

«ፍየሏ አጎትሽን አዳነቻቸው በይኛ!»

«ፍየሏ ገና አልጨረሰችም» አለች ሩሐማ።

እንዲህ ብትልም ወደ ኦቾሎ ለሚወጣ ዘመድ አንድ ወረቀት ሰጠችው። በወረቀቱ ላይ የጻፈችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ሥሩ በኩላሊት ሕዋስ ላይ ጉዳት አላሳየም።» እያንዳንዱን ቃል መዝና ነበር የጻፈችው። ቃሉ ሁሉ እውነት ነበር። ወረቀቱ በገበያ ላይ ጮክ ተብሎ ተነበበ፤ ከታኅሣሥ ወዲህ የኦይታን ደጅ መርገጥ የፈራው ሰውም መመለስ ጀመረ።

በየካቲት ሁለተኛ ሳምንት ይፍሩ የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ሸማኔ በሰው ሸክም ከኦቾሎ ወረደ። ዓይኖቹ በእብጠት ተከድነዋል። ሽንት ከወጣው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሚስቱ ዓለምጸሐይ አፉ በኮባ ቅጠል የታሰረ ማሰሮ ታቅፋ ከኋላ ተከትላ መጣች፤ ከሐኪሙ አልፋ በቀጥታ ወደ ሩሐማ ሄደች።

«የጠጣው ይኸው፤ ተርፏል» አለች ማሰሮውን እየዘረጋች። «አንቺ ምንም የለበትም ብለሽ ጻፍሽ። እስቲ እዪው።»

ሩሐማ ማሰሮውን ተቀበለች። ሥሩን መርምራለች፤ ሰዎቹ የሚጠጡትን ግን አልመረመረችም። አንድ መስሏት ነበር።

ከማሰሮው የቀረውን አጣርታ በሦስት ጠርሙሶች ላይ ጨመረች። በማግሥቱ ጉልላቶቹ ተኝተው ነበር። በሁለተኛው ቀን ንጣፉ ተቀዳደደ፤ ሕዋሳቱ ክብ ክብ እየሆኑ ከወለሉ ተላቅቀው እንደ አቧራ ተንሳፈፉ። በለጥሽ አይታ ሻሽዋን አጠበቀች እንጂ አልቀለደችም።

ዶክተር ዘካሪያስ በሩን ዘግቶ ቆመ።

«ይኼ ውጤት ዱቡሻ ከደረሰ አጎትሽ አለቀላቸው።»

«አውቃለሁ።»

«የመጀመሪያውም እኮ ውሸት አይደለም። እሱን ብቻ ብታሳዪ ማንም ውሸታም አይልሽም።»

«አይለኝም። ግን አምስተኛ ሰው ይመጣል።»

አንድ ሥር ነው፤ በአንዱ ጠርሙስ ሕይወት፣ በሌላው ሞት። ሩሐማ ተነሥታ ዓለምጸሐይን ፍለጋ ወጣች፤ ከአስታማሚዎች ጋር ግቢው ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል አገኘቻት።

«ሥሩን የቀቀላችሁት በምንድን ነው?»

«በዚያው በሰጠሁሽ ማሰሮ ነዋ።»

«ማሰሮው የአጎቴ ነው?»

«ኧረ ወዲያ! የጋሽ ኦይታ መድኃኒት በሰው ማሰሮ ይፈላል እንዴ? አንቺ የቤቱ ልጅ ሆነሽ ይኼን አታውቂም?» ዓለምጸሐይ እንዝርቷን አቆመች። «ሕጋቸው ነው። በሽተኛው ከራሱ ቤት ማሰሮ ይዞ ይሄዳል። የአንዱ ደዌ ወደ ሌላው እንዳይሻገር። እሳቸው ዓይናቸው እያየ ይቀቅሉለትና ከነማሰሮው ይዞ ይመለሳል።»

«ይኼ ማሰሮ ከዚያ በፊት ምን ይሠራ ነበር?»

«ክር እናቀልምበት ነበር። ጠርዙ ሲሸረፍ ለመድኃኒት ይሁን ብለን ሰጠነው። ደኅናውን ማሰሮ ለሥር የሚሰጥ ማን ሞኝ አለ?»

«ክሩን በምን ታቀልሙታላችሁ?»

«በገበያው ቀለም ነዋ። ቀዩም ቢጫውም በእሽግ ይመጣል። ብርቱካን የሚመስል ጨው አብሮ አለው፤ እሱ ካልገባበት ክሩ ሲታጠብ ይለቃል። ከሁለት ዓመት ወዲህ የመጣ ነው። ምነው?»

ሩሐማ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ማሰሮውን ሦስት ጊዜ አጠበችው። ሥር የሌለበት፣ ምንም የሌለበት ንጹሕ ውኃ አፈላችበት። ሥሩን ደግሞ ከገበያ በተገዛ አዲስ ማሰሮ ቀቀለች። ሁለቱን በየጠርሙሱ ጨመረች። ባዶው ውኃ ገደለ፤ ሥሩ አልገደለም። ደገመችው። ያው ሆነ። ሸክላ የጠጣውን ቀለም በእጥበት አይተፋም፤ በእሳት ግን ይተፋል።

ሕዋሳቱ የሞቱባቸው ጠርሙሶች ደንቡ መጣል ነበር። ሩሐማ አንዱን አልጣለችውም። መርዛማውን ፈሳሽ ደፍታ፣ አጥባ፣ አዲስ ምግብ ሰጥታ ወደ ገንቦው መለሰችው። በአራተኛው ቀን ስታየው፣ በጠርሙሱ ማዕዘን ላይ ከሞት የተረፉ ጥቂት ሕዋሳት ተለጥጠው ነበር። እንደ ቀድሞው የተጋጠሙ አይደሉም፤ አንድ ጠርዛቸውን ወደ ባዶው ወለል ዘርግተው እየዳኹ ነው። አንዱ ለሁለት ሊከፈል መሐሉ ቀጥኗል። ሞተዋል ብላ የመዘገበችውን ወለል፣ ማንም ሳይልካቸው፣ ሊሸፍኑት ወጥተዋል።

ገና ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሣ በሩ በኃይል ተከፈተ።

«አንድ ብርጭቆ!» አለ ዶክተር ዘካሪያስ። ከሆስፒታሉ ሮጦ ነው የመጣው። «ሩሐማ፣ ይፍሩ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ሸና! በገባ በዘጠነኛ ቀኑ!»

«እሰይ!» አለች በለጥሽ። «በሽንት እንዲህ የሚጨፍር ዶክተር አየሁ፤ ከእንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝ።»

ሩሐማ ወንበሯን ለሐኪሙ ለቀቀችለት። ዘካሪያስ አየ። ቀና አለ። እንደገና አየ።

«በይፍሩ ሆድ ውስጥ እየሆነ ያለው ይኸው ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ። ለተማሪም አስተምሬዋለሁ። አይቼው ግን አላውቅም።»

ሦስቱም ለጥቂት ጊዜ ጠርሙሱን ከበው ቆሙ። ከመስኮቱ ውጭ የሲቀላ ሚኒባስ ረዳት ተሳፋሪ እየጠራ ያልፋል። ሩሐማ የልጅነት ጸሎቷ በአፏ መጣ፤ ድምፅ ሳታሰማ ጨረሰችው።

በተቀጠረው ቅዳሜ ማለዳ ሩሐማና በለጥሽ በመኪና እስከ ጋራው ሥር ሄዱ፤ ከዚያ በእግር ወጡ። ማይክሮስኮፑን ሁለት ጎልማሶች በቃሬዛ ተሸከሙት። ጠርሙሶቹን በለጥሽ በጨርቅ ጠቅልላ ጡቶቿ መካከል አሰረቻቸው፤ ከሰው ገላ የተሻለ ሙቀት መጠበቂያ ስለሌለ። አቀበቱን ስታለከልክ «ሰባት ወልጄ እንዲህ ያለ ዓመለኛ ልጅ አላየሁም፤ ሲነቀንቁት ይቀየማል፣ ሲበርደው ይሞታል» ትል ነበር። ከኦቾሎ አፋፍ ሲደርሱ ዓባያ ሐይቅ ከታች እንደ ተዘረጋ ቡናማ ቡሉኮ ታየ።

ዱቡሻው ሞልቷል። ንግግሩ በጋሞኛ ነው። የአካባቢው የተመረጠ መሪ ሃላቃ ጉግሳ በድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ኦይታ ብቻቸውን፣ ከሰው ራቅ ብለው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል።

ሩሐማ ማይክሮስኮፑን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጠች፤ ብርሃን የሚሰበስበውን መስታወቱን ከፀሐይዋ ጋር አስማማች። ከዚያም ወደ ሃላቃው ዞራ ቆመች።

«ከማሳየቴ በፊት የምናዘዘው አለኝ። ሥሩን መርምሬ ደኅና ነው ብዬ ጻፍሁ። ሥሩን እንጂ የሚጠጣውን አልመረመርሁም ነበር። ይፍሩ የጠጣው የእኔን ወረቀት አምኖ ነው። ይህ በእኔ ላይ ይጻፍ።»

ጉምጉምታ ተነሣ። ሃላቃ ጉግሳ እጃቸውን አነሡ። «ሰምተናል። አሳዪ።»

ሰው በየተራ ቀረበ።

«እስቲ እኛም ኩላሊታችንን እንይ!» አለ አንዱ ሸማኔ ወረፋውን እየገፋ።

«ያንተማ በቦርዴ ታጥቦ አልቋል፤ ምን ልታይ ነው?» አሉት ከኋላው።

ሳቁ ግን ማይክሮስኮፑ ጋ ሲደርስ ያበቃ ነበር። ያየ ሁሉ ቀና ሲል ድምፁ ዝቅ ብሎ ነው። አንድ ሽማግሌ ካዩ በኋላ ጎናቸውን በመዳፋቸው ዳበሱ፤ ከዚያም መዳፋቸውን ከዚያው ሳያነሡ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ከሁሉ በኋላ ኦይታ ተጠሩ። በትራቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ጎንበስ አሉ። ቆዩ።

«ይኼ ጉብታ ምንድን ነው?»

«ውኃ ነው፣ አጎቴ። ሕዋሳቱ ተባብረው ያሻገሩት።»

«በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«ፍየሏስ?»

«ከሞተች ሁለት ወር ሊሆናት ነው።»

ኦይታ ከማይክሮስኮፑ ሳይለዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሃምሳ ዓመት ለሰው ኩላሊት መድኃኒት ስሰጥ፣ ምን እንደሚመስል ሳላውቅ ነው» አሉ። «እንዲህ ያምራል?»

ሩሐማ ጠርሙሱን ለወጠችው። ኦይታ እንደገና አዩ፤ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይኼኛውስ?»

«የይፍሩ ማሰሮ ነው። ሥር የለበትም። ውኃ ብቻ ነው የፈላበት።» ከዚያም ቀለሙን፣ ብርቱካናማውን ጨው፣ ሸክላው የጠጣውን፣ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ሰውም ሰማ። የሞቱት ሁለቱ ሸማኔዎች ቤተሰቦች እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከመካከላቸው አንዲት ሴት «የእኛም የቀለም ማሰሮ ነበር» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ።

ኦይታ በትራቸውን ሳያነሡ ቆሙ።

«የማሰሮው ሕግ የአያቴ ነው» አሉ። «ሰው እንዳይጎዳ የወጣ ሕግ ነው። እኔ ሕጉን ጠበቅሁ፤ ማሰሮውን ግን አላየሁትም። ከአባት የወረደ ሕግ ያፈረሰ ጎሜ ያገኘዋል፤ በእሱም በዘሩም ላይ መዓት ይወርዳል። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቢሆንም አፈርሰዋለሁ። ጎሜው በእኔ ብቻ ይሁን፤ በዚህች ልጅ አይሁን።»

ሽማግሌዎቹ ተጠጋግተው መከሩ። ምክክሩ ረዘመ። ፀሐይ ከመስታወቱ ላይ ስትሸሽ በለጥሽ ጠርሙሶቹን መልሳ ጠቀለለቻቸው። በመጨረሻ ሃላቃ ጉግሳ ተነሡ።

«ኦይታ ከእኛ ጋር ይቀመጣል» አሉ። «ቀለም የነካ ማሰሮ ያለው ሁሉ ነገ ጠዋት እዚህ አምጥቶ ይሰብራል። ለመድኃኒት አዲስ ማሰሮ እንጂ ሌላ አይገባም። ሕጉን ያፈረሰው ዱቡሻው ነው፤ ጎሜውም የሁላችን ነው።»